የሊቁ ጆሮ

ሐምሌ 20፣ ሰኞ፣ ጧት 1:10

ሦስተኛ ቀን። ጆሮ መንካት ብቻ። መርፌ የለም፣ ደም የለም። በቀኝ እጄ የደረቀ የአምባዛ ቁራጭ፣ በግራ እጄ የሊቁ ጆሮ ጠርዝ። እስከ አምስት መቁጠር አለብኝ። ሊቁ እስከ ሦስት ይታገሣል፣ ዓሣውን ይቀበላል፣ ይሄዳል። አራትና አምስትን ለብቻዬ እቆጥራለሁ።

ደብተር ሆይ፣ የገዛሁህ ለቁጥር ነበር። በአንድ ዓምድ ቀን፣ በሌላው የአንድ ድመት የደም ስኳር። ቁጥሩ እስኪገኝ ባዶህን ከምትቀመጥ ላውራብህ። ሃያ ስድስት ዓመት በኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የሰው መጽሐፍ መዝግቤያለሁ፤ ባዶ ዓምድ ሳይ አላስችል ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊቁ ዘጠኝ ዓመቱ። ግራጫ፣ ወንድ፣ ኩሩ። ስሙን ያወጡለት አባዬ ናቸው፤ ሁሉን ያውቃል፣ ለማንም አያስተምርም ብለው። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩ ናቸውና ይህ ከሙገሳ ይልቅ ወቀሳ ነው። ከግንቦት ጀምሮ ሊቁ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይከሳል። ዶ/ሩ ስኳር ነው አለ። ዶ/ሩ የላምና የበግ ሐኪም ነው። «ስለ ድመት ስኳር የተማርሁት አንድ ገጽ ነው፣ እሱም ፈተና ላይ አልመጣም» ብሎ ሳይሸሽግ ነገረኝ። በዚህ ወደድሁት።

ፍርዱ ግን፦ ቤት ውስጥ ደሙን መለካት ካልቻልሁ ኢንሱሊን አይሰጠኝም። ሳይለኩ መውጋት ይገድላል። ሳይወጉ መተውም ይገድላል፣ ቀስ ብሎ። ሁለት ሳምንት ሰጥቶኛል። ካልሆነ እንዳይሠቃይ እናሳርፈዋለን አለ። «እናሳርፈዋለን» ሲል ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሐምሌ 21፣ ማክሰኞ፣ ማታ 1:00

እስከ አራት ደረስን።

መለኪያውን ስለገዛሁበት ቀን አልነገርሁህም። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ለማን ነው አለችኝ። ለሊቁ፣ አልሁ። ዕድሜው? ዘጠኝ። ፊቷ ወደቀ። ትምህርት ቤት ይሄዳል ወይ? ቤት ነው የሚውለው። ጣፋጭ እንዳይቀምስ፣ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ደግሞ ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ አለች። ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ጆሮው ተቦጭቆ ነው የሚመለስ፣ አልሁ። እዚህ ላይ ድመት ነው ልላት አፌን ከፈትሁ። እሷ ግን ቀደመችኝ፤ እናቴም ስኳር አለባት፣ እግዜር ይማርልሽ ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። መለኪያውንና ደሙ የሚነካበትን ስትሪፕ ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ መ/ቤት በሌላ መንገድ ነው የምሄድ።

ሐምሌ 23፣ ሐሙስ፣ ማታ 12:40

አዲስ ትምህርት፦ ድምፅ። ጆሮውን ወግታ ደም የምታወጣዋ የመርፌ ብዕር ስትተኮስ ጠቅ ትላለች፣ ሊቁም ጠቅታውን ሲሰማ ሶፋ ሥር ይገባል። ዶ/ሩ በስልክ እንዳዘዘው መርፌ የሌላትን ብዕር ሃያ ጊዜ ጠቅ አደረግሁ፣ በያንዳንዱ ጠቅታ አንድ ፍርፋሪ ዓሣ። ጠቅ፣ ዓሣ። ጠቅ፣ ዓሣ። ሠራ።

ከሚገባው በላይ ሠራ። አሁን አንተ ላይ ልጽፍ እስክሪብቶዬን ጠቅ ሳደርግ ሊቁ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ፊትህ ላይ ተቀመጠ። ይህን መስመር የምጽፈው በጭራው ዙሪያ ነው።

ሐምሌ 25፣ ቅዳሜ፣ ቀን 10:00

የመጀመሪያው ውጊያ። ተሸነፍሁ።

ጆሮው ካልሞቀ ደም አይሰጥም። ትንሽ ድንች ቀቅዬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ጆሮው ላይ ያዝሁለት። ሊቁ ድንቹን ወደደው፤ ዓይኑን ጨፈነ። ወጋሁ። ደም የለም። ደግሜ ወጋሁ። ደም መጣ፣ ግን የኔ፤ ከእጄ አንጓ እስከ ክንዴ ሦስት መስመር፣ ቀጥ ያለ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል። ሊቁ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣ። አሁንም እዚያው ነው።

አባዬ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ቤቱን የሚያነቡት በጆሮ ነው። ከመቀመጫቸው ሆነው ጠየቁኝ።

«ምን አደረግሽው?»

«ወጋሁት።»

«ለምን?»

«እንዲድን ነዋ፣ አባዬ።»

«ነገርሽው?»

አልነገርሁትም።

ሐምሌ 26፣ እሁድ፣ ቀን 7:15

ክብደቱን ልለካ። የሰው ሚዛን ለሱ ይበዛበታል፤ ክዳን ባለው ቅርጫት አድርጌ እታች ወፍጮ ቤት ወሰድሁት። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ቅርጫቱን ሚዛን ላይ አኑሮ፣ ጤፍ ነው ገብስ? አለ። ቅርጫቱ ጮኸ። ሰውዬው ሳይደነግጥ፣ «ይሄን አልፈጭም፣ ድንጋዩን ይበላብኛል።» ተሰልፈው የቆሙት ሴቶች ሳቁ። አንዷ ድመት ይመዘናል እንዴ፣ ጉድ እኮ ነው አለች። ቅርጫቱ ሲቀነስ 3 ኪሎ ከ200። በሚያዝያ ወር 5 ኪሎ ነበር። መሳቄን አቆምሁ።

የቀረን ስድስት ቀን።

ሐምሌ 28፣ ማክሰኞ፣ ማታ 12:50

ቁጥር! ደብተር ሆይ፣ ዓምድህ ተከፈተ። 418።

እንዲህ ሆነ። አባዬ የማታ ጸሎታቸውን ሲያደርሱ ዜማውን ዝቅ አድርገው ነው የሚሉት፤ ማስተማር ካቆሙ ወዲህ የሚሰማቸው ግድግዳውና ሊቁ ብቻ ነው። ሊቁ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት እግራቸው ሥር ይተኛል፣ ጆሮውን ወደ ድምፁ አዙሮ። ዘጠኝ ዓመት ያየሁትን ነገር ዛሬ አየሁት። ድንቹን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። አባዬ አንድ ረጅም ድምፅ ላይ ሲደርሱ፣ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ በሚይዙት ላይ፣ ወጋሁ። ጆሮው አንዴ ተርገበገበ። ጠብታዋ ወጣች። አባዬ አላቋረጡም። ሊቁም አልሸሸ።

ሲጨርሱ ስንት ሆነ? አሉኝ። ነገርኋቸው። ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ብዙ ነው። ሊቅ ሲሆን ጊዜ ከፍ ያለ ነጥብ ነው ያመጣ ብለው ሳቁ።

ለዶ/ሩ ደወልሁ። እሱም በደስታ ጮኸ። ነገ ኢንሱሊን።

ሐምሌ 29፣ ረቡዕ፣ ማታ 1:05

አንድ ዩኒት። ጧት አንድ፣ ማታ አንድ። የኢንሱሊኑን መርፌ ማጅራቱ ላይ ቆዳውን አንሥቼ ስወጋው ዓሣውን እያኘከ ቀና እንኳ አላለም። የሚከብደው መውጋቱ መስሎኝ ነበር። የሚከብደው ማወቁ ነው።

አባዬን አስጠነቀቅኋቸው፦ ከዛሬ ጀምሮ ስኳር የሚባል ነገር ለሊቁ እንዳይሰጡት። ኧረ እኔ ስኳር ለድመት ሰጥቼ አላውቅም አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

ነሐሴ 1፣ ዓርብ፣ ጧት 1:20

ፍልሰታ ገባ። ቤቱ ውስጥ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ዕንቁላል የለም። የሊቁ ዓሣ ብቻ። አባዬ ዓሣም በፆም አይነካም ከሚሉት ወገን ናቸው፤ ሽታው ከሳቸው ድስት ጋር እንዳይገናኝ ለሊቁ በረንዳው ላይ የራሱን ምድጃ፣ የራሱን ድስት፣ የራሱን ማንኪያ አቋቋምሁ። በዚህ ግቢ ውስጥ የተለየ ወጥ ቤት ያለው ሊቁ ብቻ ነው።

የአባዬ ቀን እንዲህ ይሆናል፦ ቤ/ክ ውለው ቅዳሴ ሲያልቅ 9:30 ላይ ይመጣሉ። የሚገድፉበትን እኔ ጧት አዘጋጅቼላቸው ነው የምወጣ፤ ዳቦ በጨርቅ፣ ሻይ በፔርሙስ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ተጨምሮበት። እኔ ከመ/ቤት 11:30 እገባለሁ። 12 ላይ ዜማ፣ ድንች፣ ጠቅ፣ ቁጥር፣ ዓሣ። ጥሩ ሥርዓት ሆኗል።

ነሐሴ 3፣ እሁድ፣ ማታ 12:30

ጧት ጧት ቁጥሩ እየወረደ ነው፤ 260፣ 240። ማታ ማታ ግን ዓርብ 395፣ ቅዳሜ 402። ዛሬ ደግሞ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ውዬ፣ ማታ 188። ሁለቴ አየሁት። ጠብታዋ አንሳ ይሆናል፣ ስትሪፑም እርጥበት ነክቶት ይሆናል። ካሉት ማታዎች ጋር አይሄድም። በቤተ መጻሕፍት የተሳሳተ ካርድ ላይ እንደምናደርገው በአንዲት ቀጭን መስመር ሰረዝሁት።

በአባዬ ወንበር ዙሪያ ጉንዳን። ክረምት ነው፣ ቤት ይገባሉ። ጠረግሁ።

ነሐሴ 6፣ ረቡዕ፣ ማታ 1:00

ማታ፦ ሰኞ 388፣ ማክሰኞ 410፣ ዛሬ 399። ዶ/ሩ ግማሽ ዩኒት ጨምሪ አለ። አንድ ተኩል። ሳምንት ጠብቂ፣ እስከዚያ አትንኪው አለ።

የሥራ ባልደረባዬ ክንዴን አይታ ማነው እንዲህ ያደረገሽ፣ በዚህ ዕድሜሽ አለች። ሊቁ ነው አልኋት። እንኳን ደስ ያለሽ አለች።

ጉንዳኖቹ ተመልሰዋል። አንድ ሙሉ ሰልፍ፣ ከበሩ እስከ አባዬ ወንበር። ጋዝ ነክሬ ጠረግሁ።

ነሐሴ 8፣ ዓርብ፣ ማታ 12:45

405። ትናንትም 391። አንድ ተኩሉ ምንም አላመጣ።

ሁለት አድርጌዋለሁ። ዶ/ሩን አልጠየቅሁም፤ ሳምንት ጠብቂ እንደሚለኝ አውቃለሁ። ሰባት ማታ ከፍ፣ አንድ ማታ ዝቅ፣ እሱም የተሰረዘ። ከዚህ ወዲያ ምን ይጠበቃል? ሒሳብ አውቃለሁ።

አባዬ ከነገ ወዲያ ሱባኤ ሊገቡ ነው፣ ሐይቁ መካከል ያለው ደሴት ገዳም፣ እስከ በዓሉ። ሻንጣቸው አንድ ፌስታል። መቋሚያቸውን ሦስት ጊዜ አስጠረጉኝ።

ነሐሴ 10፣ እሁድ፣ ቀን 5:30

አባዬን ሸኘሁ። ጧት ከመሄዳቸው በፊት ዜማ ብለውለት ለካሁ፣ 231፤ ሁለት ዩኒት ወጋሁ። ወደቡ ጭቃ፣ ጀልባው ሙሉ፣ ነጭ በነጭ። እኔ ከወደቡ ወዲያ አልሄድም፣ ወደዚያ ገዳም ሴት አይገባም። ሊቁ ወንድ ስለሆነ ቢሄድ የሚከለክለው የለም። አባዬ ጀልባው ላይ ሆነው የተናገሩት የመጨረሻ ነገር ስለኔ አይደለም፦ «እንዳይርበው!»

ነሐሴ 10፣ ቀን 10:50

ጽሕፈቴን ይቅር በለኝ።

10:20 ላይ ከጓሮ ስገባ ሊቁ ሳሎን መካከል። ይራመዳል፣ ግን እግሮቹ የሱ አይደሉም። ወደ ጎን ይሄዳል፣ እንደ ሰካራም። ግድግዳውን ተደግፎ ወደቀ። ዓይኑ ክፍት ነው፣ እኔን ግን አያይም።

መለኪያ። ድንች የለም፣ ዜማ የለም፣ ዓሣ የለም። ጆሮውን ይዤ ወጋሁ። ዝም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላለኝም። ከቁጥሩ በፊት ያስፈራኝ ይኸ ነው።

41።

ማር። አባዬ ለጉሮሯቸው የሚያኖሩት ማር። ጣቴን ነክሬ ድዱን ቀባሁት፣ ከንፈሩ ሥር፣ እንደገና። ቀልድ የለኝም፣ ደብተር ሆይ። ስሙን እየጠራሁ ቀባሁት።

10:35፣ 58። አሁን 79። ጭራው ጫፉ ላይ ተነቃነቀ።

ቀን 11:10

112። ጆሮውን ስይዘው ነከሰኝ። አውራ ጣቴ ይደማል። ተመስገን።

ማታ 12:20

ለዶ/ሩ ሁሉን ተናዘዝሁ፣ ሁለት ዩኒቱንም ጭምር። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ ማታ ምንም አትስጪው፣ ከነገ ጀምሮ ወደ አንድ ተመለሺ አለ። ከዚያ፦ «እትዬ፣ ዛሬ ምን የተለየ ነገር አለ? ምን በላ? ምን ቀረበት?» ምንም አልሁ። ያው ዓሣ፣ በያው ሰዓት። የተለወጠ ነገር ቢኖር አባዬ አለመኖራቸው ብቻ ነው። የኔታን አይበላቸውም አይደል አለ።

ሳቅሁ። ከዚያ ኩሽና ገብቼ ብቻዬን ቆምሁ። ሊቁን ሊገድለው የነበረው በሽታው አይደለም። የኔ እጅ ነው፣ የኔ ሒሳብ።

ነሐሴ 11፣ ሰኞ፣ ቀን 9:50

ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልሁ። ሊቁን ከዓይኔ ላለማጣት።

9:25 ላይ ከእንቅልፉ ተነሣ። ማንም አልጠራውም። ቀጥ ብሎ ወደ አባዬ ባዶ ወንበር ሄደ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ፣ ፔርሙሱን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ። አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ትሕትና ባለበት ድምፅ። እኔን በዚህ ድምፅ ጠርቶኝ አያውቅም።

የወንበሩን ትራስ አነሣሁ። ፍርፋሪ። የደረቀ ዳቦ፣ ሻይ ጠጥቶ ቡኒ የሆነ። ጉንዳኖቹ ያውቁ ነበር። ሁለት ጊዜ ሊነግሩኝ መጡ፣ በጋዝ ጠረግኋቸው።

አሁን ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች አነበብሁ። ማታ ማታ 400 የሚሆነው ሊቁ 9:30 ላይ ከአባዬ ጋር ስለሚገድፍ ነው። በጣፋጭ ሻይ የተነከረ ዳቦ፣ ስኳሩን ፔርሙሱ ውስጥ የጨመርሁት እኔ። እሁድ ነሐሴ 3 ቤት ስለነበርሁ አልሰጡትም፤ 188። እውነተኛዋ ቁጥር እሷ ብቻ ነበረች። የሰረዝሁትም እሷን ብቻ ነው።

ነሐሴ 12፣ ማክሰኞ፣ ማታ 12:55

ስትሪፕ አለቀ። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ብዙ ወጋሁ። ሌላ መድኃኒት ቤት የለውም፤ ወደ ልጅቷ ሄድሁ። ገና ከበሩ፣ ሊቁ እንዴት ነው? አለች። ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልሁም። ድመት ነው፣ አልኋት።

ስትሪፑን ልታወርድ የዘረጋችውን እጅ መለሰች።

«ድመት?»

«ድመት።»

«እኔ እኮ ስሙን ለጸሎት አስገብቼዋለሁ። የክርስትና ስሙን ስላላወቅሁ ሊቁ ብዬ።»

ይቅርታ አልሁ፤ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድሁ። ልጅቷ ስትሪፑን በወረቀት ጠቀለለች። ተሻለው? አለች። ትንሽ። «ታዲያ አላስወጣውም» አለች።

ዜማ የለም። የአባዬን ድምፅ ስልኬ ላይ ቀድቼ ነበር፤ ሊቁ ስልኩን አሸተተ፣ በንቀት ሄደ። በመጨረሻ እኔው አንጎራጎርሁ። ያቺን ረጅሟን ድምፅ ብቻ ነው የማውቀው፣ እሷንም አጣምሜ። ሊቁ እንደ አስተማሪ ፊቱን አጨማደደ፣ ግን ቆመ። 204። በአንድ ዩኒት።

ነሐሴ 13፣ ረቡዕ፣ ማታ 1:00

ቡሄ። ከየጎረቤቱ ሙልሙል ገባ። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። ሊቁ ቁም ሳጥኑ ፊት ተቀምጦ አመሸ። 196።

አባዬን ምን ብዬ ልንገራቸው? ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከሚያበሉት ሁሉ የቀራቸው ሊቁ ብቻ ነው። አልነግርም ብዬ አስቤ ነበር፤ ዳቦውን ብቻ አነሣለሁ፣ ሻዩን አቀጥናለሁ። ግን ካልነገርኋቸው ሌላ ነገር ይሰጡታል። ካልሰጡት ደግሞ ለምን እንደማይሰጡት ሳያውቁ ያዝናሉ።

ነሐሴ 16፣ ቅዳሜ፣ ማታ 1:15

ተመለሱ። ከስተዋል፣ ፊታቸው ግን በርቷል። ሊቁ በሩ ላይ ተቀበላቸው፤ እኔ ከኋላ ፌስታሉን ይዤ።

እራት ከበላን በኋላ ነገርኋቸው። መጀመሪያ የኔን፤ ያለ ሐኪም ፈቃድ ሁለት ማድረጌን። ቀጥሎ ዳቦውን። ቀና ብለው ሰሙ።

«ስኳር አትስጡት አልሽኝ። ስኳር አልሰጠሁትም።»

«ዳቦው ሆዱ ውስጥ ስኳር ይሆናል አባዬ። ሻዩማ ስኳር ነው።»

«ዳቦ ስንዴ ነው። እኔ ስጎርስ ፊቴ ተቀምጦ ያየኛል። የሚያይሽን ፍጥረት ሳታጎርሺ ትውጫለሽ?»

«ምነው ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ሳይነግሩኝ?»

«ምጽዋት ይነገራል እንዴ!»

ከዚያ ቁጥሮቹን አንብቢልኝ አሉ። አነበብሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቃል የያዙ ሰው ናቸው፤ ቀን በጠራሁ ቁጥር ይመልሳሉ። ነሐሴ 4፣ 388፦ «ግማሽ ዳቦ፤ ሌላውን ለማኝ ወሰደው።» ነሐሴ 5፣ 410፦ «ሙሉውን።» ነሐሴ 8፣ 405፦ «ሙሉውን። መሄጃዬ ደርሷል ብዬ።» አንዲቷንም አልሳቱም። ዘልያት ወደነበረችው ነሐሴ 3 ስመለስ ቆምሁ። ሰርዤዋለሁ አልሁ። ለምን? ስህተት መስሎኝ።

ጣታቸውን በሊቁ ራስ ላይ አኖሩ።

«እኔ የሰጠሁትን ደበቅሁ። አንቺ ያየሽውን ሰረዝሽ። በዚህ ቤት ያልዋሸ እሱ ብቻ ነው።»

ሳላስበው ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ነሐሴ 19፣ ማክሰኞ፣ ማታ 12:50

ሦስት ቀን በፍስክ ተገላገልን። አባዬ በዳቦው ፋንታ የደረቀ አምባዛ ከማሰሮው እያወጡ ያጎርሱታል። ማታ ማታ 190፣ 178፣ 183። ክብደቱ 3 ከ600፤ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ምርቱ ጨምሯል አለ።

ነገ ግን ረቡዕ ነው። አባዬ በፆም ቀን ዓሣ በእጃቸው አይነኩም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ። ሊቁ ደግሞ ረቡዕን አያውቅም፤ 9:30ን ብቻ ነው የሚያውቅ። እኔ መ/ቤት ነኝ። በሩን ዘግተው ይብሉ አልኋቸው። ሞክሬዋለሁ አሉ፤ ትናንት፣ ለመለማመድ። ከበሩ ወዲያ ሲያለቅስ ጉርሻው አልወርድ ብሏቸው ሻዩ ቀዘቀዘ። ዳቦውን ሰጡት? አልሁ፣ ደንግጬ። «አልሰጠሁትም። እኔም አልበላሁም።»

ይህን አልጠበቅሁም። አንዱን ሳድን ሌላው በረሃብ ሊሞትብኝ ነው።

ነሐሴ 20፣ ረቡዕ፣ ጧት 1:25

በጥድፊያ። 172። አባዬ ረጅሟን ድምፅ ይዘው ሳለ ሊቁ ጆሮውን ራሱ አቀረበ። ራሱ! ልጽፈው እስክሪብቶዬን ጠቅ ሳደርግ ደግሞ ዓሣ ሊቀበል መጣ።

ፔርሙሱን ስሞላ አባዬ ከኋላዬ ቆሙ። ስኳር አትጨምሪ አሉ። ለምን አባዬ? የርስዎ ደም ደህና ነው። «እሱ ካልጠጣ እኔም አልጠጣ።» እሺ አልሁ። አልሄዱም። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«የዓሣውን ማሰሮ ከፔርሙሱ አጠገብ አድርጊው።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ።»

«ቀን ቆጠራ ታስተምሪኛለሽ? ላጎርስ ነው እንጂ ልበላ አይደለም። ውሃና ሳሙናም ተይልኝ። እጅ ይታጠባል።»

አኖርሁ። ዳቦ በጨርቅ። ሻይ፣ ስኳር የሌለው። የዓሣ ማሰሮ። ውሃ በጆግ፣ ሳሙና፣ ፎጣ። ጠረጴዛው የሠርግ ቤት መሰለ። ሊቁ ወንበሩ ሥር ተኝቷል፤ ገና ስምንት ሰዓት ይቀረዋል፣ ቦታውን ግን ይዟል።

ባጃጁ እየጠራኝ ነው። ማታ የሚወጣውን ቁጥር፣ ምንም ይሁን ምን፣ አልሰርዝም።